መብረቅ እሳቱን ከሰማይ ይዞት አይመጣም

ድሬዳዋ በክረምት ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ የተጋደመ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል፣ በደንገጎ በኩል ከተራራው በላይ ሰማዩ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ልጆች ሆነን "ሙቀቱ ነው እንዲህ ሚያረገው" ይሉን ነበር። ሙቀቱ አይደለም። እዛ ላይ በሐረማያና በሐረር በኩል እውነተኛ መብረቅ እየወረደ ነው፣ ነጎድጓዱ ግን ከ15 እስከ 20 ኪሎሜትር ከሄደ በኋላ አየሩ ላይ ስለሚጠፋ እኛ ጋ ሚደርሰው ብርሃኑ ብቻ ነው። የድሬ ሰው ይሄን ብልጭታ በዋዛ አያየውም፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ነው የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ሚመጣው፣ የ1998ን የሐምሌ መጨረሻ የጎርፍ ሌሊት ያየ ሰው ይሄን ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

ዛሬ ማወራው ግን ስለ ጎርፉ ሳይሆን ስለ ብልጭታው ነው። ባለፈው ክረምት ሳቢያን እኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ መብረቅ ወረደ፣ ማንም ቤት ላይ አልወደቀም፣ ከእኛ መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለ የመብራት ምሰሶ ላይ ነው። ሰው አልተጎዳም ተመስገን ነው። የጎረቤታችን ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ራውተርና ፍሪጅ ግን በአንዴ ሄዱ። "አቦ ስታብላይዘር ላይ ነበር እኮ የሰካሁት፣ ማጥፊያውንም አጥፍቼዋለሁ!" ትላለች ደጋግማ፣ እውነቷን ነው አጥፍታዋለች።

ቴክኒሻን የሆነ ጓደኛዬ ሪሲቨሩን ፈቶ አሳየን። ኤሌክትሪክ ሚገባበት ጋ ያለችው ክብ ሰማያዊ ቫሪስተር (ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ዕቃውን ለማዳን ምትቀመጥ ክፍል ናት) ለሁለት ተሰንጥቃ ዙሪያዋ ጥቀርሻ ለብሷል፣ የዲሹ ገመድ ሚሰካበት ጋ ደግሞ ቦርዱ ላይ የታተመችው ቀጭን የመዳብ መስመር ግማሿ ተልጣ እንደ ፀጉር ተጠቅልላለች ግማሿ ጭራሽ የለችም፣ ተና ነው የሄደችው፣ ቦታዋ ላይ ጥቁር ጭረት ብቻ ቀርቷል። ሽታው ከሳምንት በኋላም አልለቀቀም። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ መዳብ ወደ ጋዝ ከተለወጠበት ቦታ ሁለት ጣት እንኳ ሳይርቅ የተቀመጠ ቺፕ ምንም አልነካውም፣ ላዩ ላይ ያለው ፅሁፍ እንኳ ጥርት ብሎ ይነበባል። እሳት ቢሆን ኖሮ አጠገቡ ያለውን ሁሉ አይለበልብም ነበር? ከዛን ቀን በኋላ ነው የመብረቅን ሙቀት ነገር ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። መብረቅ ሲወርድ በደመናውና በመሬት መሀል ያለው ቮልቴጅ ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ቮልት ይደርሳል ይባላል፣ ቤታችን ሚመጣው 220 ነው። ከረንቱ፣ ማለትም ሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን፣ የተለመደው መብረቅ ላይ ወደ 30,000 አምፔር ነው፣ ሀይለኛ ሚባሉት ደግሞ 200 እና 300 ሺ ሚደርሱ አሉ፣ ቤት ያለው ብሬከር 16 ወይ 20 አምፔር ሲያልፍ እንደሚወድቅ አስቡት። ያን ሁሉ ከረንት ሚሸከመው የአየር መስመር ውፍረቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፣ በዛች ቀጭን መስመር ውስጥ ያለው አየር በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል፣ የፀሐይ ገፅ 5,500 ገደማ ስለሆነ ከፀሐይ ገፅ 5 እጥፍ ማለት ነው። ነጎድጓድም ይሄው ነው፣ አየሩ እንደዛ በድንገት ሲግል ቀስ ብሎ ለመስፋት ጊዜ አያገኝም፣ ይፈነዳል።

እና ሰው ይሄን ሲሰማ ወዲያው ሚለው "እንዴ ታዲያ ይሄን ሀይል ይዘን ለምን መብራት አናደርገውም?" ነው፣ እኔም ብዬ ነበር። ሂሳቡን ስትሰሩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ መብረቅ ጠቅላላ ጉልበት በግምት 1 ቢሊዮን ጁል ነው፣ በቆጣሪያችን ቋንቋ ወደ 280 ኪሎዋት ሰዓት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ይበላል ብንል መብረቁ ምጣዱን ለ80 ሰዓት ያህል ያሰራዋል፣ በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሁለት ሰዓት ምትጋግር እናት ጋ አምስት ወር ገደማ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን በቃ ያቺው ናት። በሌላ በኩል ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀውን ህዳሴ ግድብን ውሰዱት፣ 5,150 ሜጋዋት ነው አቅሙ፣ ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ ጉልበት ቢሰሩ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ የአምስት መብረቅ ጉልበት ያወጣሉ። በዓለም ላይ በየሰከንዱ በአማካይ ወደ 44 መብረቅ ይበርቃል፣ አብዛኛው እዛው ደመናው ውስጥ ነው መሬትም አይደርስም፣ ሁሉንም አንድም ሳያመልጠን ብንይዘው እንኳ ዓለም በዓመት ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ አንድ ተኩል አይሞላም። ስለዚህ መብረቅን አስፈሪ ያደረገው የጉልበቱ ብዛት አይደለም፣ ጥድፊያው ነው። አምስት ወር የሚጋገርበትን ጉልበት ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው ሚለቀው።

ይሄ ጉልበት ከየት መጣ ካላችሁ ከበረዶ ነው። አዎ፣ ድሬ መሬቱ 35 ዲግሪ ሲሆን ከላይ ግን ከ5 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ በኋላ አየሩ ከዜሮ በታች ነው። የሞቀው እርጥብ አየር የደንገጎን ዳገት ተከትሎ ሲወጣ ደመናው እዛ ከፍታ ላይ ይደርስና ውስጡ ትናንሽ የበረዶ ቅንጣቶችና ጠጠር የሚያካክሉ በረዶዎች ይጋጫሉ ይፋተጋሉ፣ በፍትጊያው ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ሆነው ወደ ላይ ይወጣሉ ከባዶቹ ኔጋቲቭ ሆነው ከስር ይቀራሉ፣ ይሄ ሲጠራቀም አየሩ መሸከም ሚችለው ላይ ይደርሳል። ደረቅ አየር በአንድ ሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ነው ሚችለው፣ ደመና ውስጥ ደግሞ ከዛ ባነሰም ይጀምራል። መብረቁ መሬት ሚደርሰው በአንድ ዝላይ አይደለም፣ በግምት 50 ሜትር እየዘለለ፣ እየቆመ፣ እየተከፋፈለ መንገድ እየፈለገ ነው ሚወርደው፣ መሬት ሊደርስ ሲል ደግሞ ከታች ከዛፍ፣ ከሚናራ፣ ከቤተክርስቲያን ጉልላት፣ ከምሰሶ፣ አንዳንዴም ከሰው ራስ ላይ ወደሱ ሚዘረጋ ብልጭታ ይነሳል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ያ ዐይን ሚያጠፋው ነጭ ብርሃን ሚመጣው።

መንገድ ፍለጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሪሲቨሩም ምስጢር እሱ ነው።

ሙቀት መብረቁ ተሸክሞት የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ከረንቱ ሚያልፍበት ነገር በተከላከለው ቁጥር እዛው ቦታ ላይ ነው ሙቀቱ ሚፈጠረው። አየር በጣም ይከላከላል ስለዚህ 30,000 ዲግሪ ይሆናል። እርጥብ ዛፍ ከአየር ይሻላል ግን መጥፎ መንገድ ነው፣ ከልጡ ስር ያለው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ይሆንና ግንዱን እንደ ቦምብ ይሰነጥቀዋል፣ ሐረር መንገድ ላይ ከላይ እስከ ታች ልጡ የተገፈፈ ዛፍ ያየ ሰው ይሄን ነው ያየው። አሸዋ ላይ ሲወርድ ደግሞ አሸዋውን አቅልጦ የመስታወት ቱቦ ይሰራል። ይሄው ራሱ መብረቅ ግን 50 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ገመድ ላይ ሲያልፍስ? ለመብረቅ መከላከያ ሚሰሩ ኢንጂነሮች ሚጠቀሙበት ሰንጠረዥ ላይ አለ፣ በጣም ከባድ ከሚባሉት መብረቆች አንዱ ቢያልፍበት የመዳቡ ሙቀት ሚጨምረው 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ሃያ ሁለት! 30 ሺ አይደለም። ድሬ ላይ 35 ዲግሪ የነበረ ገመድ 57 ይሆናል ማለት ነው፣ ግንቦት ላይ ፀሐይ የዋለበት ቆርቆሮ ከዛ በላይ ይሞቃል። ይሄን ሳነብ ሁለት ሶስቴ ነው የደገምኩት። ያ ሪሲቨር ውስጥ የነበረችው መስመር ፀጉር ስለምታክል ተነነች፣ አጠገቧ ያለው ቺፕ መንገዱ ላይ ስላልነበረ ተረፈ። መብረቁ አንድ ነው፣ እሳት ያረገው መንገዱ ነው።

ለዚህ ነው ጉዳዩ የሰማይ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው ልክ አይደለም ምለው። በድሮው ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው አንድ አምፖልና ሬዲዮ ነበር። አሁን ቆርቆሮው ላይ ዲሽ አለ፣ ገመዱ በመስኮት ገብቶ ቲቪው ጋ ይሄዳል፣ ዋይፋይ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ ቬንትሌተር በየክፍሉ አለ፣ ጣራው ላይ ሶላር ያስቀመጠም አለ፣ ወደ መሬት ሚወርድ አንድም ሽቦ ግን የለም። ቴክኒሻኑ የጎረቤታችንን ሶኬት ፈቶ ሲያይ ግራውንድ ሚባለው፣ ወደ መሬት መውረድ ያለበት ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከግድግዳው ይወጣል፣ ጫፉ ግን ታጥፎ ምንም ጋ ሳይገናኝ ተቀምጧል። ሌላኛው ክፍል ሶኬት ላይ ጭራሽ የለም። ዲቫይደሩ ላይ የተሰካው የፍሪጅ ሶኬት ደግሞ ሶስተኛዋ እግር አልገባ ስላለች በፒንሳ ተነቅላለች። እውነት ለመናገር የእኛም ቤት ሄጄ ሳይ ከዚህ ብዙ አይሻልም፣ እና ይሄ የሁለት ቤት ነገር አይመስለኝም፣ ድሬም ሆነ ሐረር ቤት ሲሰራ ግራውንድ መጨረሻ ላይ ሚታሰብ ብር ካነሰ ደግሞ መጀመሪያ ሚቀነስ ነገር ነው።

መንገድ የሌለው ብረት ምን እንደሚያረግ ከ270 ዓመት በፊት ታይቷል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 ካይት አብርሮ መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን አሳየ ተባለ፣ በዓመቱ በ1753 ጆርጅ ሪችማን የሚባል ሳይንቲስት ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ቤቱ ጣራ ላይ ብረት ተክሎ ሽቦውን ወደ ቤት አስገባ፣ ኤሌክትሪኩን ሊለካ ስለፈለገ ከመሬት ጋ አላገናኘውም። ነጎድጓድ ሲመጣ ሊለካ ቀረብ አለ፣ ከብረቱ የተነሳ ብልጭታ ግንባሩን መታውና እዛው ሞተ። እኔ የዲሽ ገመዳችንን ሳይ ትዝ ሚለኝ ይሄ ሰውዬ ነው፣ ጣራ ላይ ብረት፣ ሽቦው ወደ ሳሎን፣ መሬት የሚባል ነገር የለም።

ስታብላይዘሩ ለምን አላዳናትም? ስታብላይዘር ሚሰራው መብራቱ ከ220 ወደ 170 ሲወርድ ወይ ወደ 250 ሲወጣ ለማስተካከል ነው፣ በሚሊሰከንዶች ነው ሚያስበው፣ መብረቁ ደግሞ በማይክሮሰከንዶች ጨርሶ ሄዷል። ማጥፊያውስ? ማጥፊያ ውስጥ ያለው ክፍተት ሶስት ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ያ አየር ሚችለው ወደ 9,000 ቮልት ነው፣ አጠገብ በወረደ መብረቅ ምክንያት መስመሩ ላይ ሚሮጠው ግን አስር ሺዎች ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ማጥፋት ሳይሆን መንቀል ነው፣ ሶኬቱንም የዲሹን ገመድም፣ ያውም ደመናው ገና ደንገጎ ላይ ሳለ እንጂ ከላያችን ሲያጓራ ገመድ መንካት አይገባም። ቆጣሪው ጋ ሚገጠም ሰርጅ አሬስተር ሚባል አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ያን ከረንት ወደ መሬት ነው ሚገፋው፣ መሬት ሚወስድ ሽቦ ከሌለ ገንዘቡን ነው ያባከናችሁት።

መሬት ራሱ ደግሞ እኛ ጋ ችግር አለበት። አንድ ቀላል ማባዛት ነው፣ 30,000 አምፔር 10 ኦም (ኦም መሬቱ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚከላከል መለኪያው ነው) በሆነ ግራውንድ ሲገባ 300,000 ቮልት ይፈጠራል፣ 100 ኦም በሆነ ሲገባ 3 ሚሊዮን። የድሬ መሬት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ደረቅ አሸዋ ኤሌክትሪክ አይወድም፣ አንድ ሜትር ተኩል ብረት ደቻቱ ዳር አሸዋ ውስጥ ቀብሮ "ግራውንድ ሰርቻለሁ" ሚል ባለሙያ ካለ በኦም መለኪያ ካላሳያችሁ አትመኑት። ሐረር ደግሞ ሌላ ነው፣ ጀጎል ውስጥ ድንጋይ ነው፣ ብረቱን መምታት ራሱ ፈተና ነው፣ ቤቶቹም ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ ቆርቆሮ ከሌላው ቆርቆሮ ጋ ሊነካካ ትንሽ ነው ሚቀረው፣ አንዱ ቤት ብቻውን ግራውንድ ቢሰራ ጎረቤቱን አያድነውም፣ በጋራ ቢሆን ነው ሚሻለው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፣ ቲቪ ይገዛል ሰው አይገዛም። ብዙ ሰው መብረቅ ሚገለው አናት ላይ ሲወርድ ብቻ ይመስለዋል። በቀጥታ ሚመታው ከመቶ ሶስት አምስት ሰው ቢሆን ነው፣ ወደ ግማሹ ተጎጂ ሚጎዳው በመሬት ተሰራጭቶ በሚመጣው ከረንት ነው። ዛፍ ላይ የወረደ መብረቅ መሬት ውስጥ ሲበተን አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች የተለያየ ቮልቴጅ አላቸው፣ ሁለቱን እግራችሁን አራርቃችሁ ከቆማችሁ ከረንቱ ከመሬቱ ይልቅ እናንተን ይመርጣል፣ ባንዱ እግር ወጥቶ በሌላው ይወርዳል። ከብት ላይ ደግሞ ይብሳል፣ የፊትና የኋላ እግሩ ይራራቃል፣ ልቡ መሀል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኖርዌይ ውስጥ በአንድ ዶፍ 323 አጋዘኖች ተራራ ላይ አንድ ላይ ሞተው ተገኝተዋል። እኛ ጋ ዝናብ ሲመጣ በሬና ፍየሉን ሰብስቦ ግራር ወይ ዋርካ ስር ማስጠለል ልማድ ነው፣ እረኛውም እነሱ መሀል ይቀመጣል። ይሄ ልማድ ልጆች እየበላብን ነው፣ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ። ጫት ማሳ ውስጥ ያለች ማማም መጠለያ አትሆንም፣ ሜዳ ላይ ረጅሟ እሷው ናት። ከተማም ውስጥ ቢሆን ድሬ ከዚራ ሰፈር ዝናብ ሲጥል ሁሉም ዛፉ ስር ነው ሚሮጠው፣ ባጃጅ ውስጥ መግባትም ከዝናቡ ያድን ይሆናል እንጂ ከመብረቁ አያድንም፣ ሸራ ነው። መስኮቱ የተዘጋ፣ አካሉ ብረት የሆነ መኪና ግን ያድናል፣ ጎማው ስለሆነ አይደለም፣ ብረቱ ዙሪያውን ጥሩ መንገድ ስለሚሆንና ከረንቱ በውጪ አልፎ መሬት ስለሚወርድ ነው። ቤት ውስጥም ብትሆኑ ሻወር መውሰድ ይቆይ፣ የውሃው ቧንቧ ብረት ከሆነ እሱም መንገድ ነው።

ርቀቱን ማወቅ ቀላል ነው፣ ብልጭታውን ካያችሁ ጀምሮ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ቁጠሩ ለ3 አካፍሉ፣ ኪሎሜትሩ ነው። 30 ሰከንድ ካልሞላ ከ10 ኪሎሜትር ቀርቧልና ቤት ግቡ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማችሁ በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀይ ልብስ ይስባል ሚባለው ልክ አይደለም፣ እማዬ አሁንም ቀይ ሻሿን ታወልቃለች፣ ማውለቋ አይጎዳም፣ ግን ሻሿን አውልቃ ዛፍ ስር ብትቆም ምን ይጠቅማታል። ሞባይልም መብረቅ አይጠራም፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ ማውራት ነው ሚያሰጋው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። መብረቅ የመታው ሰው "አትንኩት ይይዛችኋል" ይባላል፣ አፈር ውስጥ ቅበሩት ሚልም አይጠፋም። ሰውዬው ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም፣ ሲነካ አይዝም። መብረቅ ከመታቸው ሰዎች አስሩ ውስጥ ዘጠኙ ይተርፋሉ፣ ሚሞተው አብዛኛው ልቡ ወይም ትንፋሹ ስለቆመ ነው፣ ሲቆፈርለት ምታልፈዋ ደቂቃ ናት ነፍሱ። ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝታችሁ ደረቱ መሀል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንክራችሁ ተጫኑ፣ ሌላ ሰው መኪና ይፈልግ፣ እናንተ አታቁሙ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ ደግሞ መጀመሪያ መሄድ ያለባችሁ ፀጥ ወዳለው ነው፣ ሚያለቅሰውና ሚጮኸው እየተነፈሰ ነው፣ ይቆያል።

ጎረቤታችን አሁን ግራውንድ አሰርታለች። ከግቢው ጥግ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ሚፈስበት ጋ ነው ያስቆፈረችው፣ እርጥበት ስላለው ቴክኒሻኑ ነው የመረጠው፣ ሰው ወገብ በላይ ተቆፍሮ በመዳብ የተለበጠ ብረት ገባ፣ ዙሪያው ከሰልና ጨው ተነባብሮ ተሞላ፣ ከዛ ውሃ። ዲሹም፣ ቆርቆሮውም፣ የየሶኬቱ ቢጫ አረንጓዴ ሽቦም እሱ ላይ ታሰሩ። ጨዉ ብረቱን ቀስ እያለ ስለሚበላውና ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ እየተከፈተ መታየት አለበት ብሏታል፣ በጋ ላይ ደግሞ አሸዋው ሲደርቅ ውሃ ይጠጣ። እና ማታ ማታ ቬንትሌተሩ ሳያበርዳት ሲቀር አልጋዋን ስታወጣ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ እዛ ጥግ ትሄዳለች፣ "ግራውንዴን ላጠጣ" ብላ።